የቢታ ገነት ፍራሾች

ጥቅምት 4

ዝናብ ሲጥል ዋለ። አንድ ትራስ ሸጥኩ፣ እሱንም በስንት ክርክር። ከሰዓት ሰላሐዲን ከጅማ ደወለ። ቦንጋ ላለው ሱቄ ፍራሽ የሚያስረክበኝ እሱ ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ፣ ነገሩ ግን…

"እትዬ ወርቄ፣ የድሮው ሳይዘጋ አዲስ ዕቃ መጫን አልችልም። እኔንም ፋብሪካው ይዞኛል።"

ምን ብዬ እፈርድበታለሁ? የሱን ገንዘብ የያዘው ቢሻው ነው። ቢታ ገነት ላይ ሆቴል ሲከፍት ሃያ ፍራሽ በዱቤ ሰጠሁት። መቶ ስልሳ ሺህ ብር። የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ሲያድግ አይቼዋለሁ፣ ብዬ። ወረቀት ያስፈረምኩትም ባሌ ስለጨቀጨቀኝ ነው። ገብረወልድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ያለ ፊርማ ጨው አያበድርም።

ለቢሻው ደወልኩ። አይነሳም። ትንሽ ቆይቶ መልእክት ገባ። "ይቅርታ እትዬ ወርቄ፣ ቡና ሲነሳ እከፍላለሁ።" ባለፈው "ለመስቀል" ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ "ለፍልሰታ"።

ጥቅምት 5

ቡና ሲነሳ… የማን ቡና?

ጥቅምት 11

ለአባቱ ሽማግሌ ላክን። "ልጄን ካየሁት ክረምቱ አለፈ" ብለው አንገታቸውን ደፍተው ሸኟቸው። ድሮ በየማለዳው "ወርቅአፈራሁ፣ እንዴት አደርሽ?" ይሉኝ ነበር። ዛሬ መንገድ ቀይረው ሲያልፉ አየኋቸው። ተበዳሪው ልጃቸው፣ የማፍረው እኔ። ይኼ ምን ይባላል?

ጥቅምት 16

ጋሽ ከፈለኝ ሱቅ መጣ። ብረታ ብረት ቤት አለው። ለዚያው ሆቴል አልጋዎቹን የሠራው እሱ ነው፣ እሱም በዱቤ።

"አይሱዙ ተከራይቻለሁ። አልጋዬን ልጭን ነው። ፍራሽሽን አብረሽ ጫኚ፣ ኪራዩን እንካፈላለን።"

ገብረወልድ ከውስጥ ሰምቶ ወጣ። "ሰው ቤት ገብቶ በጉልበት መጫን ወንጀል ነው። ፍርድ ቤት ሂዱ።"

"ፍርድ ቤት እስኪፈርድ አልጋው ይዝጋል፣ ጋሼ።"

ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ መጨቃጨቁ ሰልችቶኛል። እሄዳለሁ አልኩ።

ጥቅምት 18

ከቢታ ገነት አሁን ገባሁ። ሌሊት ሆኗል።

መንገድ ላይ ሺሺንዳ ቁርስ በላን። እስከ ዋጫ መንገዱ ደህና ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ። ሁለቴ ወርደን ከመኪናው ኋላ በእግራችን ሄድን። ጋሽ ከፈለኝ መንገዱን ሙሉ ሲዝት ነበር። እኔ ደግሞ ለቢሻው ምን እንደምለው ሳጠና ነበር።

ቢሻው የለም። ግቢው ውስጥ ሚስቱ ህይወት አንሶላ ታጥባለች። ያየኋት ሠርጋቸው ላይ ብቻ ነው፣ ጉንጯ ሞልቶ ነበር ያኔ። አይሱዙውን ስታይ እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ።

"ቢሻው መቼ ይመጣል?"

"አላውቅም እትዬ። ከሄደ አራት ወሩ ነው።"

"ከሁለት ሳምንት በፊት ጽፎልኛል እኮ!"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስልኩን ጥሎ ነው የሄደው።"

አንሶላውን ጨመቀችው፣ ጨመቀችው… ውኃ እስከማይወጣው። "ከነጭራሹ ከጠፋ ባል፣ ዛሬ ነገ የሚል ባል ይሻላል ብዬ ነው። መጥፋቱን ብትሰሙ በማግስቱ ትመጣላችሁ። ይኸው መጣችሁ።"

ጋሽ ከፈለኝ አልሰማትም። ወይ መስማት አልፈለገም። አንዱን ክፍል ከፍቶ ፍራሹን ወደ ግድግዳ አቁሞ አልጋውን መጎተት ጀመረ። ከጎኑ ካለው ክፍል ደብተር የያዘ ወጣት ወጣ። ዘንድሮ ከሌላ ክልል የተመደበ አስተማሪ ነው፣ ሌሎችም አሉ፣ በወር የተከራዩ።

"ጋሼ፣ የወሩን እኮ ከፍያለሁ። ዛሬ የት ልደር?"

"እኔን ትጠይቃለህ? ባለቤቱን ጠይቅ!" አለ። ግን አልጋውን ለቀቀው።

ፍራሹን ጠጋ ብዬ አየሁት። ህይወት ከማዳበሪያ ጆንያ ልብስ ሰፍታለታለች። ገለጥኩት። ቅንጣት እድፍ የለበትም። ሌላው ክፍል ገባሁ፣ እሱም እንደዚያው። ሃያውም። "እንዳይበላሹ ብዬ ነው" አለች ከኋላዬ።

ጭኜ ቦንጋ ባመጣቸውስ? የተተኛበት ፍራሽ ማን በዋጋው ይገዛኛል? እሷስ በባዶ ክፍል ምን ሠርታ ምን ትከፍለኛለች? ቡና ገዢዎች ሊገቡ ነው። ክፍል የሚፈለገው ገና አሁን ነው።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተጠሩ። የህይወት እናትም መጡ፤ ከልጃቸው ጋር በካፊኖኖ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ማታ ላይ ውል ተጻፈ። ዕዳው ከቢሻው ወደ ህይወት ዞረ፤ ከፍላ ስትጨርስ ዕቃው የሷ ይሆናል። በየገበያው ቀን ከወጪ የተረፈውን ለሁለታችን ትልካለች። ጋሽ ከፈለኝ እያጉረመረመ ፈረመ። ሹፌሩ ባዶ መኪና በመመለሱ ተቆጣ፣ ኪራዩንም ሙሉ ተቀበለ።

ጥቅምት 19

"ባዶ መኪና አስከትላችሁ መጣችሁ?" አለ ገብረወልድ። ጉልበቴ አብጧል።

ኅዳር 3

የህይወት የመጀመሪያ ክፍያ በሹፌር እጅ መጣ። ጥቂት ነው። ለሰላሐዲን እንዳለ ላክሁት።

ኅዳር 11

ህይወት ደወለች። "ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ እንግዳ አልገባም። የዚህ ሳምንት የለኝም እትዬ፣ እንዳይጠብቁ ብዬ ነው።"

በዚህ ንግድ ስኖር "የለኝም" ለማለት ቀድሞ የደወለልኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ኅዳር 26

ክፍሎቹ ሞልተዋል አለች። ገንዘቡም ደህና ነው። ለሰላሐዲን እውነቱን ነገርኩት፣ ሁሉንም። እስከ ጥር ታገሠኝ።

ታኅሣሥ 12

ቢሻው መጣ።

ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሳየው አላወቅሁትም። ከስቷል። ጃኬቱ አዲስ ነው። የእጅ ቦርሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

"እትዬ ወርቄ፣ የቀረውን በሙሉ ይዤ መጥቻለሁ። የህይወትን ውል ይቅደዱልኝ።"

"ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?"

"ሆቴሉን የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ። ቀብድ ሰጠኝ።"

"ህይወትስ?"

"እናቷ ቤት አለላት።" ወደ መንገዱ ያያል። "እኔና እሷ አብቅቶልናል። ዕዳውን ስከፍል ፍራሹም አልጋውም የኔ ነው። ካወጣሁት ምን ይዛ ትቀመጣለች?"

እጄ ቦርሳው ላይ ነበር። መቼ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ሙሉውን… ዛሬውኑ ለጅማ። መደርደሪያው ሲሞላ ታየኝ።

"ነገ ና" አልኩት።

ሳቀ። "ነገ?"

ታኅሣሥ 13

ሌሊቱን ተገላበጥኩ። ገብረወልድ ተቀበዪ ይለኛል ብዬ ነበር።

"ተበዳሪሽ ማን ነው አሁን?" አለ።

"ህይወት።"

"እንግዲህ አስቢበት። ለጅማው ግን ከየት እንደምትከፍዪ አላውቅም። እኔም የጡረታዬ ነገር ይታወቃል።"

ጋሽ ከፈለኝ ጋ ደወልኩ። እሱ ትናንትናውኑ ተቀብሏል። "የማስተምራቸው ልጆች አሉኝ ወርቄ። አትፍረጂብኝ።" አልፈረድኩም። እውነቱን ነው።

ቢሻው መጣ። ካንተ የምፈልገው የለኝም አልኩት። ያልገባው መሰለኝ። ደገምኩለት። ያንተ ዕዳ ተዘግቷል፣ ገንዘቤ ያለው ህይወት ጋ ነው፣ እሷ ስትከፍል እቀበላለሁ።

"አብደዋል እንዴ? ብር አምጥቼልዎ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። አባቱ ከወዲያ ማዶ ቆመው ሰምተዋል። ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።

ሲሄድ ባንኮኒው ኋላ ተቀመጥኩ። ልክ ሠራሁ? አላውቅም። ላስመልሰው ሁለቴ ተነስቼ ነበር።

ታኅሣሥ 17

ቢሻው ቢታ ገነት ሄዶ አልጋዎቹን ጫናቸው። ፍራሾቹ መሬት ላይ ቀሩ። ህይወት ነች የነገረችኝ፣ አላለቀሰችም። ሰሌን አንጥፋ ፍራሾቹን ዘርግታ ዋጋ ቀንሳለች። እሷም አስተማሪዎቹም ከቤቱ አልወጡም። "ሰው መሬት ላይም ይተኛል እትዬ" አለችኝ።

ጥር 14

ቀኑ ደረሰ፣ አልሞላልኝም። ሰላሐዲን ለስላሳነቱን ተወ። የሱቁን ግማሽ ለስልክ ጠጋኝ አከራየሁ፣ ቅድሚያ የከፈለኝን ለጅማ ላክሁ። ገብረወልድ መደርደሪያውን ነቅሎ ወደ ጥግ አጠጋው። ሃያ ዓመት ሙሉ የነበረውን ሱቅ በአንድ ከሰዓት ግማሽ አደረግነው። ማታ ወገቡን አሸሁለት። ስለ ቢሻው ብር አንድም ቃል አላነሳም። ቢያነሳ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 6

ህይወት ዛሬ ሳትነግረኝ ራሷ መጣች። የሳምንቱን ሰጠችኝ። ሰፈሯ ያለ አናጢ የእንጨት አልጋ እየሠራላት ነው፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ። ቢሻው የት እንዳለ የሰማ የለም፤ ቤቱ ያልተለቀቀለት ተከራይ ቀብዱን ሊያስመልስ እየፈለገው ነው አሉ።

ከዚያ ከነጠላዋ ጫፍ ሌላ ብር ፈታች። "ሁለት ፍራሽ እፈልጋለሁ።"

የቀሩኝ ሦስት ናቸው። "ውሰጂ። ከዕዳው ላይ እንጨምረዋለን።"

"አይ፣ በእጅ በእጅ ይሁን እትዬ። ዱቤ ደከመኝ።"

"እኔንም" አልኳት።

ጠቅልለን እስከ መናኸሪያ አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ። ዳገቱ ላይ ትንፋሼ አጠረ፤ ቆማ ጠበቀችኝ። ረዳቱ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ጎንበስ ብሎ እኔን አየኝ። በዕድሜ እኔ እበልጣለሁ።

"የማን ነው ይሄ ፍራሽ?"

"የኔ ነው" አለች ህይወት። ጮክ ብላ፣ መናኸሪያው እስኪሰማ።

መኪናው ሲወጣ ትንሽ ቆሜ አየሁ። ሱቁን ዛሬ በጊዜ ዘጋሁት።