መሪው በቀኝ ነው

ሀርጌሳ፣ 31 ሜይ

ለእማዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? የአክስቴ የፈዲላ ወገብ ተሻለው? ሁለት ሳምንት አስታምሜ እመለሳለሁ ብለሽ የሄድሽበት ወገብ ሰባተኛ ወሩን ያዘ። አላህ ያሽረው፤ እንዲህ ያለ ወገብ ሰምቼም አላውቅ። እኛ ከዝናቡና ከሽማግሌዎች ምክር በቀር ክፉ አልነካንም፣ አልሐምዱሊላህ። በስልክ የማልነግርሽ አባባ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለሚሰማ ነው። ይህን ደብዳቤ ልብስ ነጋዴዋ ካልቱን ታደርስልሻለች። አጣብቄዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ማን እንደከፈተው ታውቂያለሽ።

የሚኒቫናችን የዝናብ መጥረጊያ እንደተሰበረ ሰምተሻል። አባባ ከአየር ማረፊያ ሰው ጭኖ ሲመጣ ሁለቱ እጆች ወደ ላይ እንደተነሡ ደርቀው ቀሩ፤ ለዝናቡ ዱዓ የሚያደርጉ ይመስሉ ነበር። ሞተራቸው ከሥር ያጉረመርማል፣ እነሱ ንቅንቅ የለም። በማግስቱ ኮፋኖው ሲከፈት ግቢው በሽማግሌ ሞላ። ጎረቤታችን አዴር ሀይቤ፣ መኪና ኖሮት ባያውቅም የሰፈሩን መኪና ሁሉ በሽታ የሚያውቅ እሱ ነውና፣ ፊውዝ ነው ብሎ ፈረደ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ኸሊፋ ደግሞ፣ የምን ፊውዝ፣ የሰው ዓይን ነው፣ ቁርኣን ይቀራባት አለ። አዴር ሀይቤ፣ አንተ የሰው ሱሪ አጥብበህ ስትሰፋም ዓይን ነው ትላለህ አለው። እኔ አንገቴን አስግጌ አየሁና፣ ሞተሩን ከሁለቱ እጆች ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ከመጋጠሚያው ተሰብሯል አልኩ። ሴት ልጅ ኮፋኖ ሥር ምን ትሠራለች ተባልኩ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ አዴር ሀይቤ፣ ዘንጉ ነው! ብሎ ጮኸ። ጋሽ ኸሊፋም ማሻአላህ፣ ዕድሜ ደጉ አለው።

አባባ የተጨነቀው ለሥራው ብቻ አልነበረም። ለዒድ እመጣለሁ፣ ውጫሌ ድንበር ድረስ መጥተህ ውሰደኝ ብለሽው የለ? ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ዝናብ ያለ መጥረጊያ እንዴት ይነዳል? ዕቃው እዚህም ተፈልጎ አይጠፋም ነበር። ግን አንቺ፣ እኔ ከዚህ እልክልሃለሁ ስላልሽው ሌላ ቦታ መጠየቁን ተወ። ጋሽ ኸሊፋ ሱቅ ሲጠቁመው እንኳ፣ እሷ እየላከችልኝ ነው አለው። እንዴት ብሎ እንዳለው ብትሰሚ።

ካልቱን ጥቅሉን ስታመጣ አባባ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው የፈታው። አዲስ ዘንግ፣ ገና ዘይቱ ያልደረቀ። ከአሮጌው ጎን አጋደመው። ርዝመቱ ያው፣ ቀዳዳዎቹ ያው፤ ግን የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ። መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተሠራ ነው። አዴር ሀይቤ ገልብጣችሁ ግጠሙት አለ። ተገለበጠ፤ የሞተሩ ማሰሪያ ሰማይ ሰማይ አየ። ጋሽ ኸሊፋ ዘንጉ እንዲቃና የራሱን አንገት አዘመመ። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። ከዚያ አባባን ሳየው ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ።

እማዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት የዚያች መኪና የግራ ወንበር ያንቺ ነበር። እዚህ የሚነዳው በቀኝ፣ መሪውም በቀኝ፤ የውሃ ቦቴ ከፊቱ ሲጋርደው አባባ ከፊት የሚመጣውን አያይም። የምታይለት አንቺ ነበርሽ። ቆይ ስትይው ይቆያል፣ እለፍ ስትይው ምንም ሳይጠይቅ ያልፋል። መሪው በየት በኩል እንደሆነ አንቺ ትረሺያለሽ? ሱቁ ውስጥ ቆመሽ ቢሆን ከአፍሽ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር። እዚያ የቆመው ግን መኪናችንን በዓይኑ ዓይቶ የማያውቅ ሰው ነው። አክስቴ ወንድ ልጅ የላትም፣ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። ካልቱንን፣ ዕቃውን ማን ሰጠሽ ብዬ ጠየቅኋት። ያልተጠየቀችውን ሁሉ የምትናገር ሴት፣ ሻዬ ቀዘቀዘ አለችኝ።

አባባ ለሽማግሌዎቹ፣ እሷ በደንብ ነግራዋለች፣ የተሳሳተው ባለሱቁ ነው አላቸው። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። በሕይወቴ ምክር ሲያጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ አሮጌውን ዘንግ አነሣ። ከነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጦ መጋጠሚያው ውስጥ ከተተ፣ በቡሎን አጠበቀው። ግን ለአንዱ እጅ ብቻ ሆነ። የቀኙ ይጠርጋል፤ የግራውን ነቅሎ ከወንበር ሥር ወረወረው። ጋሽ ኸሊፋ፣ በዚያ በኩልስ? ቢለው፣ በዚያ በኩል የሚቀመጥ የለም አለ።

እውነቱን ነው። ከሄድሽ ጀምሮ እዚያ ሰው አስቀምጦ አያውቅም፤ ከአየር ማረፊያ የሚጭናቸውን ቀበቶው ተበላሽቷል እያለ ይዋሻቸዋል፣ እኔንም ከኋላ ነው የሚጭነኝ። ሐሙስ ዕለት ግን ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ የፊቱን በር ከውስጥ ከፈተልኝ። ገባሁ። ዳሚ ሰፈር ጋ ስንደርስ ዝናቡ ለቀቀው፣ ቦቴ ደግሞ ከፊታችን ተገተረ። አባባ ሳያየኝ፣ እህስ? አለኝ። በእሱ በኩል መጥረጊያው ይመላለሳል፤ በእኔ በኩል መስታወቱ ውሃ ብቻ ነው። የሚመጣ ይኑር አይኑር በምን አውቄ? ቆይ አልኩት። ቆየ። እስከ ቤታችን ቦቴውን ተከትለን በእርምጃ ሄድን። እሱ፣ አህያ መንገድ ቢዘጋበት የሚሳደበው አባባ፣ ጥሩምባውን እንኳ አልነካም።

ዘንጉን ከደብዳቤው ጋር መልሼልሻለሁ፤ አባባ አያውቅም። ለገዛው ሰው ስጪው። ደህና ዕቃ ነው፣ ርካሹን አልመረጠም፤ ምናልባት ለራሱ መኪና ይሆነዋል።

አንድ ነገር ብቻ። አባባ ለዒድ ውጫሌ ይመጣል። አትምጣ ካላልሽው በአንድ መጥረጊያ ይመጣል፤ እዚያም ቆሞ ይጠብቃል። ቆይ ሲሉት የሚቆይ ሰው መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ስለዚህ የምትነግሪው ካለሽ ሳይነሣ ንገሪው። በእኔ አፍ አታድርጊው።

አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፣ የአክስቴንም ወገብ ያቅናው። ዒድሽን በሰላም ያድርሽ፣ የትም ብታከብሪው።

ልጅሽ፣
ከግራው ወንበር