ጥግ ላይ የቆመችው ጥቁር ነጥብ

ኔልቸ የኔ ቆንጆ፣

ለጥናት ጉባኤ ከመጣሁባት ከስዊድኗ ኡፕሳላ እየሳቅኩ ስለምጽፍልሽ መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። የብቸኝነትና የደስታ ግራፌን እንደመከርሽኝ ሠራሁት፤ አንድ ሰው አንድ ፈዛዛ ነጥብ፣ ሰው ሲደራረብ ግን የሚጠቁር። ዛሬ ጠዋት ቁርሴን እየበላሁ የጉባኤው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ፈገግታ የማያውቁት ፕሮፌሰር ሉንድማርክ መጥተው ጥግ ላይ ባለች ድቅድቅ ጥቁር ነጥብ ላይ አፈጠጡ።

«እዚህ ሃያ ሰው ተደራርቧል። ሁሉም ብቸኛ፣ ሁሉም ደስተኛ። እነማን ናቸው?»

እኔ ደፋሯ «ጡረታ የወጡ ዓሣ አጥማጆች ይመስሉኛል» አልኩ።

በጥፍራቸው ጫር ቢያደርጓት ተነሳች። ለካ ከዳቦዬ የተፈናጠረች የቸኮሌት ቅንጣት ናት። እንደ እኛ አገር ዳቦ ላይ ቸኮሌት መነስነስ እዚህ ስለማይታወቅ ግራ ገብቷቸው ቀመሷት።

«ዓሣ አጥማጆችሽ ይጣፍጣሉ» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ባልሽንና ሕፃኗን ሳሚልኝ። ይዤው የመጣሁትን የቸኮሌት ፓኬት የቀረውን ሉንድማርክ ስለወሰዱት፣ ስመለስ ቁርስ አንቺ ጋ ነኝ።

ፍሎርትየ