የሠላሳ ሹራብ አንገት

ሰኞ፣ ነሐሴ 5። ጠዋት 3 ሰዓት

ሰማንያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። ክር ተበጠሰ፣ ቀጠልኩት። እጄን ላሳርፍ ብዬ አንቺን፣ ደብተሬን፣ አነሳሁ። ዝናብ። የጭሮ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ለእኔ ግን ገበያ ነው። ብርድ ባይኖር ሹራብ ማን ይለብሳል?

የሹራብ ማሽኔ ደህና ናት። እጀታዋን ወደ ቀኝ ስገፋ አንድ ረድፍ፣ ወደ ግራ ስመልስ ሌላ ረድፍ። ቅርር፣ ቅርር። አማቴ እማ ዘይነባ ድምጿ ራሴን አዞረኝ ይላሉ።

የሂርናው መዋዕለ ሕጻናት ሠላሳ ሹራብ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄዷል። ዳይሬክተሯ መ/ርት ሰአዳ ዛሬ ትደውላለች። ምስጋና እጠብቃለሁ። ለአንቺ ምን እዋሻለሁ፣ በጣም እጠብቃለሁ።

በዚያው ቀን፣ 9 ሰዓት

ደወለች። ምስጋና አይደለም። ወላጆች ልጆቻቸውን ለልክ ያመጣሉ፤ አንገቱ ጭንቅላት ላይ ሲደርስ ስፌቱ ጧ! አንድ ሁለት አይደለም፣ አሥራ አንድ ሹራብ። አንዷ ሕጻን ግማሽ መንገድ ላይ ጭንቅላቷ ተይዞ በለቅሶ ቤቱን አናወጠችው አሉ። ሁሉንም መልሳ ልካዋለች። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልተስተካከለ ከአዲስ አበባ ነው የምናስመጣው አለች። በትህትና ነው ያለችው። ትህትናዋ ነው የባሰ ያቃጠለኝ።

እማ ዘይነባ ሰሙ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ። ቀጥለው፣ መሰላ ከተማ ያለችው የዘመዳቸው ልጅ ማሽኗን ልግዛ ብላ እንደነበር ትዝ አላቸው። ይቺ ማሽን ጩኸት እንጂ ሹራብ አልወለደችም አሉ። ባሌ ኑረዲን ከሱቅ ገብቶ ሰማ፣ ዝም አለ። የእሱ ዝምታ መስማማት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ልሞክር፤ ካልሆነ ማሽኗ ትሸጣለች፣ ጓዳው የሱቅ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ተፈረደብኝ።

ጥፋቱ የተስፋዬ ነው! እኔ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ እጅጌውን ሠርቼ እሰጣለሁ፤ በረንዳው ላይ በእግር መኪናው ገጣጥሞ የሚሰፋው እሱ ነው። ዛሬ ጋሽ አልልም፣ እሳቸውም አልልም። ተናድጃለሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

የተመለሱት ሹራቦች ሻንጣ መጣ። ከጫት ኩንታል ሥር ነው የመጣው፣ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ሠላሳውን አልጋ ላይ ዘረጋኋቸው። አለቀስኩ፣ ትንሽ። ከዚያ መቀስ አነሳሁ።

ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለን፣ ውፍረቱ የአራት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ያህላል። ያልተበጠሰ አንገት ውስጥ ገፋሁት። ሹራቡ እሺ ይላል፣ ይለጠጣል። ስፌቱ ግን አይለጠጥም። ገፋሁ፤ ጧ! ሌላ አንገት ወሰድኩ፣ ቀጥ ያለውን ስፌት ተርትሬ አወጣሁ፣ በእጄ በመርፌ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ላላ አድርጌ ሰፋሁት። ቆርቆሮው አለፈ። ተመልሶም ወጣ። ማሽኔ ንጹሕ ናት! ሹራቡም ደህና ነው!

ግን ደብተሬ፣ አንድ ነገር አለ። ስፌቱን እንደዚያ ድርቅ ያስደረገው ማነው? እኛ አገር ገበያ ላይ ሴቱ ሁሉ ልብስ ሲገዛ ስፌቱን በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይስበዋል። ትንሽ ከላላ፣ ሰፊው ሌባ ነው ተብሎ ይወረወራል። ስለዚህ ደርበህ፣ አጥብቀህ ስፋ ይባላል። እኔም ብያለሁ። ጋሽ ተስፋዬን ሁለት ጊዜ ደርበው ይስፉት ያልኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። አማቴ ቢሰሙ "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይሉኝ ነበር። አልነግራቸውም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሠላሳ ሹራብ በእጅ መርፌ አይዘለቅም። የዕቁብ ዙሬ ወጥቶልኛል፤ የራሴን የስፌት መኪና እገዛለሁ። ቤቱ ሁሉ ባለሙያ ሆነ። ኑረዲን ኦቨርሎክ ግዢ ይላል፣ ፋብሪካ የሚጠቀምበት እሱ ነው። እማ ዘይነባ ጥቁሩን ብረት የእግር መኪና ይላሉ፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሹራብ ሰፍቶ የሚያውቅ ከሁለቱ አንድም የለም።

የሹራብ ቁራጮቼንና ቆርቆሮውን በፌስታል ይዤ መናኸሪያው ሥር ወዳለው የሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ ጎበዝ ሻጭ ነው። አቡጀዲ ያጥፍና ትር ትር ያደርግልሻል። አቡጀዲ ላይ ማንም መኪና ጀግና ነው! የእኔን ጨርቅ ስፋልኝ አልኩት። ሳቀ። ሱቁ ውስጥ ባሉት ሦስት መኪናዎች ክብ ክብ አድርጎ ሰፋልኝ።

ጥቁሩ ብረት፦ ቆርቆሮው ግማሽ ሳይገባ ጧ። ኦቨርሎኩ፦ አለፈ፣ ቆንጆ። ግን ጠርዙን በቢላ እየቆረጠ ነው የሚሰፋው፤ አንድ ጊዜ ከሳትኩ ሹራቤ ሄደ። ዚፕ ልግጠም ቢሉትም እንቢ ነው። ነጯ ትንሿ ባለ ዚግዛግ፦ መርፌዋ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ እያለ ሰፋ። ቆርቆሮው አለፈ። አሥር ጊዜ አስገባሁ፣ አሥር ጊዜ አወጣሁ። ሸምሱ መሳቁን ትቶ ቆርቆሮውን ራሱ ተቀብሎኝ ይሞክር ጀመር። "እህት ሙኒራ፣ ይቺን ቆርቆሮ እዚሁ ተይልኝ" አለኝ። አልተውኩም።

ነጯን ገዛኋት! በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

መብራት የለም። ትናንትም አልነበረም። ነጯ በመብራት ነው የምትሠራው። ኑረዲን አልሳቀም፣ ይመስገን። አማቴ ግን ወደ ጣሪያው አምፖል ቀና ብለው አይተው፣ እኔን አይተው ወጡ።

መሄድ ያለብኝ ቦታ እንዳለ አምስት ቀን ሙሉ አውቀዋለሁ። ዛሬ ሄድኩ። ጋሽ ተስፋዬ በረንዳቸው ላይ ኮት ይገለብጣሉ። ለሰፈሩ ሁሉ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ብዬ አውርቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ቀና አላሉም። "ሹራብ ትንፋሽ ይፈልጋል ስልሽ፣ ጋሽዬ ብቻ እንዳይላላ አልሽኝ። ሥራው ያንቺ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።" ከዚያ ተነሱና ከጓዳ አንድ ነገር ጎተቱ። የእግር መኪና ጠረጴዛ ነው፤ ፔዳሉና መዘውሩ አለ፣ የሚሰፋው ራስ ግን ከተሰበረ ቆይቷል። የነጯን ሞተር ፈቱት፣ ጠረጴዛው ላይ አሰሯት፣ ከመዘውሩ የሚያገናኛት ቀበቶ ለኩላት፣ ዘይት ጠብ ጠብ። እግሬን ጫንኩ።

ያለ መብራት ዚግዛግ ሰፋች!! በዚች ከተማ መብራት ኃይልን የማትለምን ባለ ዚግዛግ የእኔ ብቻ ናት። ልጮህ ነበር። ጮህኩም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

እንዳልታበይ ይሆናል፣ የመጀመሪያው አንገት እንደ ሰላጣ ቅጠል ተጥመለመለ። ሁለተኛውም። ጋሽ ተስፋዬ መጥተው እጄን አዩ። ከኋላ እየሳብሽው ነው፣ መኪናዋ ራሷ ትውሰደው፣ አንቺ ምሪያት ብቻ አሉ። እጄን አላላሁ። ሦስተኛው ተኛ። ዝርግ፣ ለስላሳ። ሹል መርፌውንም ጫፉ ድቡልቡል በሆነው ቀየሩልኝ፣ ሹሉ ክሩን ይበጥሳል። ዛሬ አምስት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሠላሳ! የተጎዱትን ስድስት አንገቶች በሹራብ ማሽኔ እንደ አዲስ ሠራኋቸው። እማ ዘይነባ ሳልጠራቸው መጥተው ቆርቆሮውን አነሱ። እያንዳንዱን አንገት እሳቸው ፈተኑ፣ እያንዳንዱን ቆጠሩ። ሠላሳኛው ላይ ማሻአላህ አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳልሰማ። ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ሂርና ራሴ ሄድኩ። ሻንጣውን ለሹፌር አልሰጥም፣ ከተዋረድኩም እዚያው ልዋረድ። ግቢው ጭቃ፣ ወላጆች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዋ ያቺው አልቃሿ ናት፤ ሹራቡን ስታይ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። ተንበረከክኩላት። እጇን አስገባሁ፣ አንገቱን ከፈትኩ፣ ቢስሚላህ። ጭንቅላቷ ብቅ አለ። ዙሪያዋን አየች። አላለቀሰችም። አወለቀችው፣ ራሷ መልሳ ለበሰችው፤ ጨዋታ መሰላት። እናቷ ስፌቱን በሁለት እጇ ያዘች። ሳበችው። ተለጠጠ። ለቀቀችው፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደግማ ሳበች፣ ለሌሎቹ እናቶች በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች፣ ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያ እጄን ይዛ ገለቶሚ፣ ገለቶሚ ብላ አመሰገነችኝ። ሠላሳ ልጅ ለበሰ። አንድም ጧ የለም። አልሐምዱሊላህ! በሚኒባሱ መመለሻ ብቻዬን ፈገግ ስል ጎኔ ያለው ሰውዬ ታመመች እንዴ ብሎ ያየኝ ነበር። ይየኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

መ/ርት ሰአዳ ሃምሳ ሹራብ ጨመረች። የበደሳ አንድ ት/ቤትም ጠይቋል። የመሰላዋ ልጅ ስለ ማሽኗ ደወለች፤ ስልኩን ያነሱት አማቴ ናቸው። "ማን ነው ይሸጣል ያለሽ?" ብለው ተቆጧት። ምስኪን!

ማታ በእራት ላይ ኑረዲን በሹራቡ አንገት ውስጥ የሱቁ ስም ይሰፋ አለ። ያው የአባቱ ስም፣ ሰው የሚያውቀው እሱ ነው። አማቴ ወደ እኔ አዩ። ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ ግን እንደ እሱ መስማማት አይደለም። ነገ ጠዋት ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በሰማያዊ ክር "ሙኒራ፣ ጭሮ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ሃምሳውም ላይ እሰፋዋለሁ። አንገቱ ሲበጠስ የሙኒራ ጥፋት ነበር። አሁን ይዟል፤ ስሙም የሙኒራ ይሁን።