ሃያ ሰባት ጊዜ «ገባችሁ?»

በሰልዬ፣

የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቴን አደንዝዞታል፤ ቢሆንም ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀሎኛል። በክፍላችን ያደረግነውን ተግባራዊ ምርምር ዛሬ ለመምህራን ጉባኤ አቀረብኩ።

አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃያ ሰባት ጊዜ «ገባችሁ?» ማለቴን እንደቆጠርሽ፣ ልጆቹም ሳይገባቸው «አዎ» ይሉኝ እንደነበር ሳልደብቅ ተናገርኩ። ያልገባቸውን በብጣሽ ወረቀት ስናስጽፋቸው ግማሹ ተማሪ ክፍልፋይ ጨርሶ እንዳልገባው ማወቃችንንም ነገርኳቸው። በመምህራን ፊት የራሴን ጥፋት መዘርዘር ምን ያህል አስፈርቶኝ እንደነበር ታውቂያለሽ።

ስጨርስ ከአፌ አምልጦኝ «ገባችሁ?» አልኩ። አዳራሽ ሙሉ መምህር፣ ልክ ደነባ እንደምናስተምራቸው ልጆች፣ በአንድ ድምፅ «አዎ» አለኝ። ያለው ሲገባው ሁሉም በራሱ ሳቀ።

እኔም ለእነሱ ብጣሽ ወረቀት አደልኩ። ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ሳይፈታ የዋሉት ገምጋሚያችን ጋሽ ተክለጊዮርጊስ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ያቺን የምትቆጥር ጓደኛሽን ይዘሽ እኔ ክፍል ነይ።»

ፖስታ ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። አምስተኛ «ለ»ዎችን ሳሚልኝ፤ ለርዕሰ መምህሩም ሰላም በይልኝ። አንቺ እርሳስሽን ቅረጪና ጠብቂኝ።

ሰርካለም