የአባዬ ሜዳና የፒተር ባሕር

ማክሰኞ፣ ታህሳስ 4፣ ጠዋት

አባዬ ወይጦ አይሄድም አልኩ፣ አይሄድም! የዚያ ቆላ ሙቀት ብቻውን ይገድለዋል። ደሬ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ስለሆነና አይሱዙ ስለሚነዳ በስልክ እንደ ወረዳ ኃላፊ ነው የሚያወራኝ። አባዬን እኔ ጋ አምጪው፣ አንቺ ት/ቤት ያቋረጥሽ ልጅ ስለ በሽታ ምን ታውቂያለሽ ይለኛል። እሱስ አስረኛን ጨርሶ ምን አወቀ? ማርሽ መቀየር። ዘጋሁበት።

ደብተሬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ። አባዬ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ነበር። ጂንካ መሀል ያለው የሣር ሜዳ ማለቴ ነው። አውሮፕላን ሲመጣ ፊሽካ ነፍቶ ከብቱን፣ ፍየሉን፣ ኳስ ተጫዋቹን ሁሉ ጠርጎ የሚያስወጣው እሱ ነው። አዲሱ ኤርፖርት ሲከፈት ሥራው ቀረ። አሁን ሁሉን ነገር እየረሳ ነው። የእማዬን መሞት ይረሳል። እንደ አዲስ እነግረዋለሁ፣ እንደ አዲስ ያለቅሳል። ሜዳውን ግን አይረሳም። ጠዋት ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና ይሄዳል። አውሮፕላን የለም። ይጠብቃል።

ዓርብ፣ ታህሳስ 7

ሥራ አገኘሁ። አትሳቂ። እበት ውስጥ ኳስ መፈለግ።

ሜዳው አጠገብ ያለው ፔንሲዮን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አርፏል። ፒተር ይባላል፣ እንግሊዛዊ። እንደሌሎቹ ፈረንጆች ሙርሲዎችን ፎቶ ሊያነሳ አልሮጠም። አንድ የብረት ዱላና አንድ ከረጢት ነጫጭ ኳስ ይዞ ሜዳው ላይ ይመታል። ጎልፍ ነው አሉ። ሩቅ የሄደውን እኔ እለቅማለሁ። እንግሊዝኛዬ የቱሪስት ነው፣ ይበቃል።

ዛሬ አንዲት ላም ፊቱ ተገተረች። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ጠበቃት! አባዬ ከዳር አይቶት መጣ። ፊሽካውን ነፋ፣ ከብቶቹን በአሪኛ ገሰጻቸው፣ ሜዳውን አጸዳና እጁን ወደ ላይ ቀሰረ። ነፃ ነው ማለቱ ነው። ፒተር መታ። አባዬ ኳሷ ሰማይ ላይ እስክትጠፋ አንጋጦ አያት። ከዚያ ጨበጠው። አብራሪ መስሎት ካፒቴን ይለዋል።

ማታ ራቱን ሳልለምነው በላ። ደሬ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ረቡዕ፣ ታህሳስ 12፣ ከ/ሰዓት

ዛሬ ፒተርን ጠየቅኩት። አገርህ ጎልፍ ጠፍቶ ነው እዚህ የላም ጭራ ስር የምትጫወተው?

አገሩ የሚጫወትበት ሜዳ ባሕር ዳር ነው። በባሕሩና በእርሻው መሀል ያለ አሸዋማ መሬት፣ እህል የማያበቅል፣ ማንም ያልፈለገው። ድሮ ሣሩን ያሳጠረው ማሽን አይደለም፣ በግ ነው። በጎቹ ከነፋስ ሊሸሸጉ የሚተኙበት ቦታ እየተቦረቦረ የአሸዋ ጉድጓድ ሆኗል ይላሉ። ኳስሽ እዚያ ከገባች አለቀልሽ። ዛፍ የለም። መሬቱ እንደ ተኛ በሬ ጀርባ ጉብ ጉብ ያለ። ሰዉ ውሻውን እየጎተተ መሀሉን ያቋርጣል፣ መብቱ ነው፣ ተጫዋቹ ቆሞ ይጠብቃል። አዛዡ ነፋሱ ነው። ትናንት የቀለለሽ ዛሬ ያዋርድሻል። አሳምረሽ ትመቻለሽ፣ ኳሷ ጥሩ ታርፋለች፣ ከዚያ አንዲት ጉብታ ትነካና ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች።

ይሄማ ግፍ ነው አልኩት።

ሳቀ። አዎ፣ ግፍ ነው አለ። ሌላ ቦታ ያሉት ምንጣፍ ናቸው፣ ውሃ እየተቀለቡ ያደጉ፣ ጥሩ የመታ ሁሉ የሚሸለምባቸው። ይሰለቹኛል። እዚያ ግን ማን ላይ ትጮኺያለሽ? ነፋስ ላይ? ትውጪውና ቀጣዩን ትመቻለሽ።

ሳልከራከር ቀጣዩን ኳስ አቀበልኩት። እኔ! ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ጂንካ እኮ ባሕር የላትም አልኩት በኋላ። ነፋስ አላት፣ ከብት አላት፣ መሀሉን የሚያቋርጥ ሰው አላት፣ ባሕሩን ዓይኔን ጨፍኜ እጨምርበታለሁ አለኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ነገረኝ። ባሕሩ ሜዳውን እየበላው ነው። በየክረምቱ አንድ ቁራጭ ይገመጣል። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር የተጫወተበት ቦታ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው። አታጥሩትም? አልኩት። ባሕር ይታጠራል? አለኝ።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 15

ፒተር ሄደ። አባዬ እጁን ይዞ አልለቅ አለ፣ መቼ ነው የምታርፈው ብሎ ጠየቀው። ተረጎምኩለት። ፒተር እኔን አየኝ። ነፋሱ ሲፈቅድ በይው አለኝ። ነገርኩት። አባዬ ገባው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ለቀቀው።

ሰኞ፣ ታህሳስ 17



ሜዳው ላይ ቆፋሪ ማሽን ገባ። ግንባታ ነው፣ መጀመሪያ አጥሩ። አባዬ ፊት ለፊቱ ቆሞ ፊሽካውን ነፋ። አውሮፕላን ሊያርፍ ነው፣ ውጣ ይለዋል። ማሽኑን የሚነዳው ልጅ በሞተሩ ጩኸት ምን ይስማ? ማሽኑ ሲዞር አባዬ ወደ ኋላ ሸሸና የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ።

ድንጋይ አነሳሁ። የማሽኑን መስታወት አራገፍኩት። ሁለት ጥበቃ ያዙኝ፣ አንዱን ነከስኩት። የማሽኑ ልጅ ወርዶ እያለቀሰ፣ "እናቴ ትሙት አላየኋቸውም፣ እህቴ፣ እናቴ ትሙት!" ይላል። በእኔ ዕድሜ ነው። ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ።

የአባዬ ግራ እጅ ተሰብሯል። ሆስፒታል ጀሶ አሰሩለት። ሐኪሙን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አውሮፕላኑ አረፈ?

ረቡዕ፣ ታህሳስ 19፣ ጠዋት

ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች ቆልፊበት አሉኝ። ትናንት ማታ ቆለፍኩበት። በደህና እጁ በሩን ደበደበ። ከዚያ ከውስጥ ፊሽካውን መንፋት ጀመረ። እኔ ውጭ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ደፈንኩ። ነፋ፣ ነፋ፣ ደከመው። ስከፍት በሩ ስር ተኝቶ አገኘሁት።

ወስኛለሁ። ደብተሬ፣ ይቅርታ፣ ገጾችሽን ልቀድ ነው። ደሬ ስልኬን አያነሳም፣ ስለዚህ አንብቦ ይወቀው። በቀይ አፈር ከተማ አድርጎ ወይጦ ለሚያልፈው አይሱዙ ሾፌር እሰጠዋለሁ።

ደሬ፣ አንተ ነህ አሁን የምታነበው። አሸነፍክ። ና ውሰደው። ግን ከጋራዡ ኋላ ያለችው ቆርቆሮ ክፍልህ ውስጥ አታስገባውም። መጀመሪያ ሂድና እይልኝ። ወደ ወይጦ ወንዝ በኩል ሜዳ አለ? ከብት የሚግጥበት፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ሰው መሀሉን የሚያቋርጠው፣ ማንም ያላጠረው? ረዳትህን አትላክ። በእግርህ ሂድ፣ መሀሉ ላይ ቁም። ካለ፣ ነገ ና፣ እኔም አብሬው እጫናለሁ፣ ከብት አባርርለታለሁ። ከሌለ መኪናህን አታስነሳ።

ስድብህን ሌላ ቀን ትሰድበኛለህ። ዛሬ ግን ደውል። ያንን በር ደግሜ አልቆልፍበትም። ሳይመሽ ደውል።