የእሁዱ የመጨረሻ ጀልባ

ለታናሽ እህቴ፤

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልጻፈውና ሰላምታው ይከተል። ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ እሱ ላይ ስዞር ወረቀቱ ያልቅብኛል። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደሴቲቱን ልናይ ሄደን የመመለሻው ጀልባ ያመለጠን በባለቤቴ ጥፋት አይደለም፤ በእኔ ነው።

አሁን እንግዲህ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ልጆቹ፣ አባታቸው፣ አማትሽ ሁሉም እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ቤቱ ግን ሰፋብኝ። ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው፤ እስከ ዛሬ በሩን የምዘጋው በዝግታ ነው፣ ውስጥ የተኛ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ያንን ክረምት ታስታውሻለሽ? ከመምህራን ኮሌጅ ለእረፍት መጥተሽ ፊደል ልታስቆጥሪኝ ተነሣሽ። በሦስተኛው ወር መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሳነብልሽ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተሽ «እህቴን አስነበብኳት!» አልሽ። እህቴ፣ አላነበብኩም። አንቺ ስታነቢው ሰምቼ በቃሌ ይዤው ነበር። ገጹ የት ላይ እንደሚገለጥ ጭምር አጥንቼ ነበር። ከገበያ የማውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ደስታሽን ሳይ እውነቱን መናገር አቃተኝ፤ ቆይቶ ደግሞ ሰዉ «አንባቢዋ» ሲለኝ ጣመኝ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

በዚያው ክረምት ማብቂያ ነው ደሴቲቱን እንይ የተባለው። እናታችን ደከም ብሏት ነበርና እንቅር ስንላት «ሂዱ፣ ነፋስ ይንካችሁ፤ እኔ የትም አልሄድባችሁ» ብላ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ጋር ቀረች። ጀልባው እንዳደረሰን አንቺና የአክስታችን ልጆች ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ አሸዋው ሮጣችሁ። ባለቤቴ አክስታችንን ደግፎ ሲያወርድ «ሰሌዳውን እይልኝማ፣ የመጨረሻው ጀልባ በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ከጽሑፉ መሐል ሦስት ቁጥሮች ለየሁ፤ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። ትልቁን መረጥኩ። «አሥራ ሁለት» አልኩት። እሱም አምኖኝ «እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ አለን!» ብሎ ወደ እናንተ ጮኸ። አንቺ የሰማሽው ከእሱ አፍ ነው።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስንመጣ መሳፈሪያው ባዶ ነው። ጥበቃው ገመድ እየጠቀለለ «ዛሬ እሁድ አይደል እንዴ? የእሁዱ የመጨረሻ በዘጠኝ ሰዓት ሄደ። አሥራ ሁለቱ የሥራ ቀን ነው፤ ተጽፏል እኮ፣ ዓይን የላችሁም?» አለን። ባለቤቴ ሰሌዳውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ሁሉም ነገር ገባው። ዘወር ብሎ «እኔ ነኝ፣ በጥድፊያ አሳስቼ ያነበብኩት» አላችሁ። አንቺም «ድሮስ ሳንቃ እንጂ ሰዓት መለካት የት ያውቃል፣ ይሄ አናጢ!» አልሽው። ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ እሱም ሳቀ። ያን ጊዜ ገና ቀልድ ነበር።

በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ ተመልሰን ልብስ ሰፊዋን ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘናት። እናታችን ጎሕ ሲቀድ አርፋለች። «ትንሿ ልጄ አልመጣችም?» እያለች ነበር አለችን። ከዚያ ወዲያ ለባለቤቴ ያልሽውን እዚህ አልደግመውም። ለቅሶው ሳያበቃ ዕቃሽን ሸክፈሽ ሄድሽ፤ እስኪሞት ድረስም አንድ ቀን ሰላም አላልሽውም።

ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ነበር። እሱ ነው «ተዪ፤ እናቷን አጥታለች፣ ተማሪዋን ደግሞ አታሳጫት» ያለኝ። እኔም ቃሉ ተመቸኝና ተደበቅኩበት። ለአንቺ ብሎ የተሸከመውን ለራሴ መጠለያ አደረግኩት። ማንበብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ፣ ብቻዬን ነው፤ ከሱቅ ሰሌዳ፣ ከመድኃኒት ጠርሙስ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። ዛሬ ጎረቤት ደብዳቤ ሲደርሰው አንብቢልኝ ብሎ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው።

ባለፈው እሁድ ወደ ደሴቲቱ ሄድኩ። ትኬት ቆራጩ «ስንት ሰው?» አለኝ። «አንድ» ስለው ሌሎቹ ከኋላዬ ያሉ መስሎት አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ጀልባው በቤተሰብ ሞልቷል። ከፊቴ የተቀመጠችው እናት ልጆቿን ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ደግሞ ከአንድ ትጀምራለች። እኔን የሚቆጥረኝ አልነበረም። ሰሌዳውን በአዲስ ለውጠውታል። ከላይ እስከ ታች፣ «አጥሩን አትደገፉ» የሚለው ሳይቀር፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጥበቃው «እማማ፣ ለማን ነው የሚያነቡት?» አለኝ። የዘጠኙ ጀልባ እንዳያመልጠኝ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መሳፈሪያው ላይ ተቀመጥኩ፤ ደሴቲቱን ሳላያት ተመለስኩ።

ለራሴ ይቅርታ አልለምንሽም። ብቻ ልጆችሽ ስለ እሱ ሲጠይቁሽ «እናቴን ሳልሰናበት ያስቀረኝ ሰው» ማለቱን ተዪ። ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ለእሱ ያስቀመጥሽውን ቂም ወደ እኔ አዙሪው። ከእንግዲህ ደብዳቤሽ ቢቀር ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ካንቺ ሌላ የምጽፍለት ሰው ባይኖረኝም አላማርርም።

ለልጆችሽ አባት፣ ለዚያ ተረበኛ ሾፌር፣ መንገዱን ያቅናለት በይልኝ። አማትሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ። መንታዎቹን፣ ካልሸሹሽ፣ ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽን ግን እኔ ሳላያት ነው ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው፤ ምን ብዬ ሰላም እንደምላት አላውቅም።

ከቤቴ፣ ባለቤቴ በሠራው ጠረጴዛ ላይ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን

በፖስታው ጀርባ፦ ይህን ወረቀት ይዛልኝ የምትሄደው የሰፈራችን ነርስ ለእህቴ በእጇ ትሰጣታለች። እህቴ አልቀበልም ካለች ለትልቋ ልጇ ትስጣት፤ ባለቤቴን አጎቴ ብላ እንድትጠራው ላልተፈቀደላት።