ሁለተኛ ላልጠየቁኝ ክብርት ዳኛ

በለንደን ከተማ በቤተሰብ ጉዳይ ችሎት ለሚያስችሉ፣ እጅግ ለተከበሩ ዳኛ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የልጆች እናት ከሆኑ ቅዳሜና እሁድን ከልጆችዎ ጋር በደስታ እንደሚያሳልፉ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን እንደ ባለፈው ቃሌን አምነው መዝገብ ላይ እንዳያሰፍሩብኝ አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች በትህትና እገልጻለሁ።

ሕጉ የልጅን ማንነት አደባባይ ማውጣት ስለሚከለክል፣ እኔም ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆንኩ፣ በዚህ ደብዳቤ ያሉት ስሞች በሙሉ የተቀየሩ ናቸው። እኔ ሀምዱ ነኝ እንበል፤ ስትሪትሃም እኖራለሁ፣ አውቶቡስ እነዳለሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሳፋ ትባል። ከሁለት ዓመት በፊት ከፈታኋት ከእናቷ ከመስቱራ ጋር ካሌዶኒያን ሮድ ትኖራለች። እርስዎ እኛን ባያስታውሱን አልቀየምም፤ ጉዳያችን በችሎትዎ የወሰደው ጊዜ እኔ በአውቶቡሴ ከስትሪትሃም ብሪክስተን ከምደርስበት አይበልጥም፣ ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የዚህን አገር ተሳፋሪ ያናገርኩበት ነው። ነገሩ የተበላሸው በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ይቃና ብዬ ነው። ለእርስዎ የሚተረጉምልዎት ሰው አያጡም። እንዲያውም ቃል እንዳላዛባ ብዬ ያስመጣሁት የዚያን ዕለቱ አስተርጓሚ፣ ኃይለመለኮት እንበለው፣ ይህንንም ቃል በቃል ቢተረጉምልዎት ደስ ይለኛል።

እነሆ ቅሬታዎቼ፤ ምስጋናም ቢሏቸው አልከፋም።

፩ኛ፦ ስላሳዩኝ ልግስና ላመሰግንዎት እወዳለሁ። በየካቲቱ ችሎት የሳፋን ጊዜ ለሁለታችን ሲያካፍሉ፣ መነጽርዎን ዝቅ አድርገው፣ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት እንደታሰበልኝ ነግረውኝ፣ ቅዳሜዎችም እንዲጨመሩልኝ እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ። ክብርት ዳኛ፣ ወላሂ ልቤ ልትዘል ነበር! ቅዳሜ እኔ ሥራ የለኝም። ቅዳሜ ሳፋ ትምህርት የላትም። አፌ ግን ያደገበትን አደረገና «አይ፣ የተሰጠኝ ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ጠበቅኩ። እርስዎም ገጹን ገለጡ።

እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። እዚያ ሰው ቤት ገብቶ ምግብ ሲቀርብለት በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» የሚል ሰው የለም፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል ያልቀመሰም ቢሆን «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል። ባለቤቲቱ «በሞቴ» ትላለች፣ እሱ «ኧረ በፍጹም» ይላል፣ እሷ «አፈር ስሆን» ትላለች፣ ያን ጊዜ እጁን ይታጠባል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ የሰፈራችን ውሻ እንኳ ቁጭ ብሎ ሦስተኛውን ይጠብቃል። እናቴ ስታሳድገኝ በመጀመሪያው የሚቀበል ልጅ ስስታም ነው እያለች ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጬ የምፈልገው ነገር ቀረበልኝ፤ ስለዚህ ከሁሉ አብልጬ አፈርኩ። ለልጄ ስስታም መሆን እንደሚፈቀድልኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እርስዎን አልወቅስም። እርስዎ ጠየቁ፣ ሰውየው መለሰ፣ ጸሐፊዋ ጻፈች። እጅግ የተቀላጠፈ አሠራር ነው።

፪ኛ፦ በዚያ ክፍል ውስጥ አማርኛ የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እኔ፣ መስቱራና ኃይለመለኮት። ሦስታችንም «ይበቃኛል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ኃይለመለኮት የተባለውን ብቻ ሊተረጉም ምሎ ስለተቀመጠ ቃሏን እንደ ወረደች «ኢናፍ» ብሎ አቀረባት፤ ግንባሩ ላይ ላብ ሲወርድ አይቻለሁ። መስቱራ አንገቷን ደፋች። ለሦስታችን ግልጽ የነበረው ነገር ለወሳኟ ሰው ብቻ ተሰውሮ መቅረቱ የማንም ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ለኔ ብጤ ዕድለኛ ብቻ ነው የሚገጥመው።

፫ኛ፦ ከየካቲቱ ችሎት በኋላ ስለ ቤቴ ሪፖርት እንዲጽፉ ስለላኩልኝ ባለሙያ ከልብ አመሰግናለሁ። ጥሩ ሴት ናቸው፣ ጫማቸውን ሳልጠይቃቸው አወለቁ። ሻይ አቀረብኩላቸው፣ አይ አሉ። መቼም በሥርዓት ያደጉ ሰው ናቸው ብዬ በልቤ አከበርኳቸውና ሁለተኛ ጠየቅኩ፣ አይ አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሻዩን ቀድቼ ፊታቸው አኖርኩት፣ ከጎኑም ሳንቡሳ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሪፖርቱ ሲደርሰኝ ገጽ ስድስት ላይ «አባትየው የሌላን ሰው እምቢታ ለመቀበል ይቸገራል» ይላል። ወይ ጉድ! ገጽ አሥራ አራት ላይ ደግሞ «አባትየው ተጨማሪ ጊዜ ቢቀርብለትም ያለው በቂ መሆኑን ገልጿል» የሚል ሰፍሯል። እንግዲህ እኔ በአንድ መዝገብ ውስጥ ለእንግዳ ሻይ ሲሆን ሙጭጭ የምል፣ ለልጄ ሲሆን ደንታ የሌለኝ ሰው ሆኜ ቁጭ ብያለሁ። በእንግሊዝ መንግሥት ዘንድ ሰውን ሻይ ጠጣ ብሎ ማስገደድ ወንጀል መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

፬ኛ፦ ቅዳሜን በሚመለከት። መስቱራ ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ስለዚህ ከሳፋ ጋር የምትውለው ጎረቤታቸው ናት፤ ጽጌ እንበላት፣ መልካም ሴት ናት፣ ቅር አይለኝም። ወደ መዋኛ የምትወስዳትም ጽጌ ናት። ባለፈው ግንቦት ሳፋ ሃያ አምስት ሜትር ሳታቋርጥ ዋኝታ ባጅ ተሰጣት። እኔ ያንን ያየሁት በጽጌ ስልክ በተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ ግማሹ የጽጌ ጣት ነው። ልጄ ከውሃው ወጥታ መነጽሯን ወደ ግንባሯ አድርጋ ወደ መቀመጫዎቹ ትመለከታለች፣ ማንን እንደምትፈልግ ይታያል። በዚያች ሰዓት እኔ ስትሪትሃም ቤቴ ተቀምጬ ያልቆሸሸ ምድጃ እየፈተግኩ ነበር። ተናድጃለሁ፣ ክብርት ዳኛ። ይህንን በትህትና ለመጻፍ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

በጉዳዩ ላይ ሐጂ አኑዋርን አማክሬ ነበር፤ በሰፈራችን የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ ዱላቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩተው «አንተ ቂል! እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ አይጠይቁም እኮ! ይህን ሳታውቅ ነው አሥራ ሰባት ዓመት የኖርከው?» አሉኝ። እውነት አላቸው። ቀጥለውም ምሳ ብላ አሉኝ፤ እኔም በልቻለሁ አልኩ፣ እሳቸውም በሞቴ አሉ፣ በላን።

፭ኛ፦ ሐጂ እንደመከሩኝ ቅዳሜ እንዲጨመርልኝ ፎርሙን ሞልቼ አፕላይ አደረግኩ። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣልኝ መልስ እጅግ ጨዋነት የተሞላበት ነው፤ በየካቲት ይበቃኛል ካልኩ ወዲህ ምን የተለወጠ ሁኔታ እንዳለ በጽሑፍ እንዳስረዳ ይጠይቃል። እነሆ ላስረዳ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ያኔም አልበቃኝም፣ አሁንም አልበቃኝም።

እስከዚህ ድረስ በሥነ ሥርዓት መጥቻለሁ። የሚቀጥለውን ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ባለሙያዋ ሳፋን ስለ ስሜቷ ሲያነጋግሯት፣ መቼም ክፉ አስበው አይደለም፣ አባቷ ያለው ጊዜ በቂ ነው ማለቱን ነግረዋት እሷ ምን እንደሚሰማት ጠይቀዋታል። ከዚያ በኋላ በነበረው እሁድ ከአውቶቡስ ላይኛው ፎቅ ፊት ወንበር ላይ፣ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትቀመጠው፣ መስኮት መስኮቱን እያየች «አባዬ፣ ስለ እኔ ኢናፍ አልክ እንዴ?» አለችኝ። ሳፋ ለንደን ነው የተወለደችው፤ ሲጠይቋት ኖ ካለች ኖ ነው፣ የስ ካለች የስ ነው። እናቴ ያስተማረችኝን ሀፍረት ለዚህች ልጅ በምን ቋንቋ ላስረዳ? አቅፌያት ቀረሁ። ሁለት ፌርማታ አለፈን።

በዚያው ዕለት በአሥር ሰዓት፣ ሁልጊዜ በምንረካከብበት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ሳፋን ለእናቷ ሳስረክብ፣ ከተፋታን ወዲህ ከሰላምታ ሌላ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩ። ልጃችን ያለችኝን ነገርኳት። መስቱራም በበኩሏ በችሎቱ ላይ፣ ቅዳሜ ሥራ ስትሄድ ልጅ የሚይዝላት ቸግሯት እንደሆነ ተጠይቃ «አይ፣ ምንም አልቸገርም» ማለቷን፣ ከዚያም ሁለተኛ እስክትጠየቅ መጠበቋን አጫወተችኝ። እኔ በጭንቀት ብዛት ይህን ሳልሰማው አልፌው ኖሯል። እርስዎ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ውሸታሞችን አምነዋል። ሳቅን፤ መስቱራ ግን ወዲያው አለቀሰች።

ከዚያ ደብዳቤ ጽፋ ፈርማ ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦ «አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። ሲርበው በልቻለሁ ይላል፣ ሲያመው ደህና ነኝ ይላል። በችሎት ይበቃኛል ሲል እንዳልበቃው እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ ተናድጄበት ስለነበር ነው። ልጄ የአባቷን ቅዳሜ ያጣችው በእኔም ዝምታ ነው።» ክብርት ዳኛ፣ ይህች ሴት ከእኔ ጋር መኖር አልቻለችም፤ እኔም ከእሷ ጋር። ይህን ወረቀት ግን ማንም አላስገደዳትም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኳት።

እንግዲህ ሐሳቤን ልጠቅልል። ትእዛዝዎ በመጨረሻው ገጽ፣ በደቃቁ ጽሕፈት፣ እናትና አባት ከተስማሙ ጊዜውን ማስተካከል እንደሚችሉ ይናገራል። አንብበነዋል፣ ተስማምተናል። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሳፋን ዋና የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈት ቤትዎ መልስ ቢሰጥም ባይሰጥም፣ የተለወጠ ሁኔታ ቢገኝም ባይገኝም። ከመቀመጫዎቹ መካከል የፊተኛው ላይ እሆናለሁ።

ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ ቢሉኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሪፖርቱ ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይሰርዙልኝ። ሳፋ ታድጋለች፣ ታነባለች፤ አንድ ቀን ያንን መዝገብ እጇ ብታስገባው፣ አባቷ ተሰጥቶት እምቢ ያለ ሰው ሆኖ እንዳታገኘው። በቦታው ላይ ይህ ይጻፍልኝ፦ እፈልጋለሁ። ሁሉንም ቅዳሜ እፈልጋለሁ። አልበቃኝም። ስስታም ነኝ። እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ይህን ደብዳቤ ለማንበብ ውድ ጊዜዎን ስላባከኑ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በየካቲቱ ችሎት ጊዜዎን ሳያባክኑ አንድ ጊዜ ብቻ ስለጠየቁኝ፣ ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና ከነልጆችዎ ከነቅዳሜዎችዎ ተመኝቼ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

ስሙ ሀምዱ ያልሆነው፣ የሳፋ አባት
ስትሪትሃም፣ ለንደን

ማስታወሻ፦ በዚያን ዕለት ከችሎቱ ስወጣ በሩ ላይ አንዲት ወጣት የአስተያየት ፎርም ሰጥታኝ ነበር። በፍርድ ቤቱ መስተንግዶ ረክቻለሁ ወይ ለሚለው «በጣም ረክቻለሁ፣ ምንም የጎደለ የለም» ብዬ ሞልቼላችኋለሁ። እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁት ከሆነ፣ እንግዲህ አሁን አማርኛዬን አውቃችኋል።